ለ32 ኮር ሰርቨር የ64 ኮር ሒሳብ እንዳይከፍሉ

እያንዳንዳቸው 16 ኮር (የማስሊያ ክፍል) ባላቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች በሚሠራ ሰርቨር ላይ የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሆነውን የኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ እትምን ለመጫን ስንት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ለጠየቁት፦ መልሱ 32 ነው። ፈቃዱ የሚሸጠው ሁለት ሁለት ኮር በያዘ ጥቅል በመሆኑ 16 ጥቅል ይገዛሉ ማለት ነው። ሆኖም ይህን ቁጥር ይዘው ወደ ሻጭ ከመሄድዎ በፊት ከታች ያለውን ቢያነቡ ይበጅዎታል፤ የእኛም መሥሪያ ቤት ሰርቨር የእርስዎን ዓይነት ነበር።

1. ዳታቤዙ በቀጥታ በሰርቨሩ ላይ የሚጫን ከሆነ የሚቆጠረው በፕሮሰሰሩ ውስጥ በአካል ያለው ኮር እንጂ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያሳየው «ሎጂካል ፕሮሰሰር» አይደለም። ሃይፐርትሬዲንግ ሲበራ አንዱ ኮር ሁለት ሆኖ ስለሚታይ፣ 32ቱ ኮሮች በታስክ ማናጀር ላይ 64 ተብለው ይነበባሉ። ዋጋ ያቀረበልን ድርጅት ባለሙያ የዚያን ገጽ ፎቶ ከእኛ ጠይቆ ከወሰደ በኋላ ሒሳቡን በ64 ኮር ሠርቶ ላከልን። ስሕተቱን በትሕትና ባስረዳው፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ እርሱ ፈቃድ ይሸጥ እንደነበር ነግሮኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እኔም በአካል ባለ ሰርቨር ላይ ሎጂካል ፕሮሰሰር እንዲቆጠር የሚያዝዘውን የማይክሮሶፍት የውል አንቀጽ አያይዞ እንዲልክልኝ በደብዳቤ ጠየቅሁ። አንቀጹም ይቅርታውም አልመጣም፤ የመጣው በ32 ኮር የተሠራ አዲስ ማቅረቢያ ነው። የፋይናንስ ኃላፊያችን የመጀመሪያውን ሊፈርሙበት ተዘጋጅተው ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ያላየሁትን የሶፍትዌር ግዢ አያጸድቁም፤ በዚህ እንደምኮራ አልሸሽግም።

2. ስታንዳርድ እትም በ2022 ስሪት በ4 ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ) ወይም በ24 ኮር የተገደበ ነው፤ ተፈጻሚ የሚሆነውም ከሁለቱ ያነሰው ነው። እንግዲህ ከ32 ኮሮችዎ 8ቱ ዳታቤዙ ሳይነካቸው ይቀመጣሉ፣ ፈቃድ ግን ለእነርሱም ይከፈላል። የእኛ ግዢ ክፍል ሰርቨሩን ከገዛ በኋላ ነበር ስለ ፈቃድ የጠየቀን፤ ኮር በበዛ ቁጥር ይሻላል ብሎ ማን እንደመከረው እስካሁን የሚነግረኝ አላገኘሁም። የእርስዎ ትእዛዝ ገና ካልተፈጸመ፣ ፍጥነታቸው ከፍ ያለ ባለ 8 ኮር ሁለት ፕሮሰሰሮችን ይምረጡ፤ ፈቃዱ ወደ 16 ይወርዳል። ከዚህ በታች ወርዶ ለመቆጠብ ግን ገደብ አለው፤ ፕሮሰሰሩ ሁለት ኮር ብቻ ቢኖረው እንኳ ቢያንስ 4 ይከፈልበታል።

3. ዳታቤዙን በቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሩ ላይ በሶፍትዌር በተፈጠረ ኮምፒውተር) ውስጥ ካስቀመጡት ሒሳቡ ይለወጣል። ለማሽኑ 8 ቨርቹዋል ኮር ከሰጡት 8 ፈቃድ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ከ2022 ስሪት ጀምሮ ማሽኑን ለብቻው ፈቃድ ለማውጣት ሶፍትዌር አሹራንስ የተባለው ተጨማሪ ውል ወይም የደንበኝነት ክፍያ ግዴታ ሆኗል። ያው ባለሙያ ይህን አንድም ቀን አላነሳልንም። እዚህም ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ማሽን 4 ነው፤ ሁለት ሁለት ኮር የያዙ ሁለት ማሽኖች የነበሩን ሲሆን ለ4 ኮር የ8 ኮር ፈቃድ ከምንከፍል ብለን ሁለቱን ዳታቤዞች አንድ ማሽን ላይ አዋሕደናቸዋል። ማሽኖችዎ ብዙ ከሆኑ፣ ከስታንዳርድ ከፍ ያለውን ኢንተርፕራይዝ እትም ከሶፍትዌር አሹራንስ ጋር ገዝተው የሰርቨሩን አካላዊ ኮሮች በሙሉ ከሸፈኑ የማሽን ቁጥር ገደብ ይነሣልዎታል።

ለሙከራ ብቻ የሚያገለግለው ሰርቨር በዲቨሎፐር እትም ያለ ክፍያ ስለሚሠራ ከሒሳቡ ያውጡት። በእኛ ማቅረቢያ ላይ እርሱም በሙሉ ዋጋ ሰፍሮ ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቅ ባለሙያው «ለጥንቃቄ» አለኝ።

በመጨረሻ የተጠቃሚዎችዎን ቁጥር ቢገልጹልን ጥሩ ነው። ስታንዳርድ እትም ከኮር ሌላ በሰርቨር እና በተጠቃሚ ፈቃድም ስለሚሸጥ፣ ሰዎቹ ጥቂት ከሆኑ ይህኛው ሊረክስ ይችላል። ሲቆጥሩ ግን በድረ ገጽ ወይም በሌላ ፕሮግራም በኩል ወደ ዳታቤዙ የሚደርሱትን ሁሉ ያካትቱ፤ መካከል ላይ ያለው ፕሮግራም በአንድ የተጠቃሚ ስም ብቻ ቢገናኝም ፈቃዱ የሚታሰበው ከጀርባው ባሉት ሰዎች ወይም መሣሪያዎች ልክ ነው።