«ፎቶዎቼ ዲ ላይ ናቸው» ከማለትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ያገለገለ ዴል ላፕቶፕ አለሽ፣ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ ራሙ 4 ጊጋ። ዊንዶውሱ ተጨናንቆ አስቸግሮሻል። የዊንዶውስ 10 ዲቪዲ ከሰው አግኝተሽ ብትከቺውም ማሽኑ ዝም ብሎ ወደ ድሮው ዊንዶውስ ይገባል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «የእናቴ ፎቶዎች አሉበት፣ ግን ዲ ላይ ስለሆኑ አይጠፉም አይደል?» ብለሻል። እኔን ያስጨነቀችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ከሷ ልጀምር። (ሲ ዊንዶውሱ የተጫነበት የሃርድ ዲስኩ ክፋይ ነው፣ ዲ ደግሞ ሌላው ክፋይ።)

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ ሰፈር ኮምፒውተር የተበላሸበት ሰው መገናኛ ወይም መርካቶ ድረስ ተሸክሞ ከሚሄድ እኔን ቢጠራኝ ይቀለዋል። ባለፉት አስር ዓመታት ብዙ ማሽን ፎርማት አድርጌያለሁ፣ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጭኛለሁ። ከሁሉም የማልረሳው የአንድ መምህር ጎረቤቴን ነው። «ፋይሌ ሁሉ ዲ ላይ ነው፣ ሲን እንደፈለግክ አድርገው» አለኝ። ዲን ከፍቼ አየሁ፤ እውነትም በፎልደር ተሞልቷል። አምኜ ሲን ፎርማት አደረግኩት። ሥራው ሲያልቅ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። የወንበሬን መደገፊያ ይዞ ባዶውን ስክሪን አየና «ማርኩስ?» አለ። የሴሚስተሩ የተማሪዎች ማርክ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። «እዚሁ ፊት ለፊት ነበር እኮ» እያለ ደጋገመው። ሁለት ሌሊት የጠፋ ፋይል በሚመልስ ሪከቨሪ ሶፍትዌር ሞከርኩ። የወጣው ቁርጥራጭ ነው፣ አንዱም በትክክል አልከፈት አለ። ሰውየው ማርኩን ከፈተና ወረቀቶቹ ላይ አንድ በአንድ መልሶ ሰበሰበው። እስከ ዛሬ ሳገኘው ይከብደኛል።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ዴስክቶፕ ላይ የምናየው ነገር ሁሉ፣ ሌላ ቦታ ካልተዛወረ በስተቀር፣ የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው። ዩዘርስ የሚል ፎልደር አለ፤ በስምሽ የተከፈተው ውስጥ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ ሁሉም አሉ። ከስልክ በኬብል የገለበጥሻቸው ፎቶዎችም ብዙ ጊዜ ፒክቸርስ ውስጥ ነው የሚገቡት። ስለዚህ «ዲ ላይ ናቸው» ከማለትሽ በፊት አንዱን ፎቶ በቀኝ ክሊክ ነክተሽ ፕሮፐርቲስ በይና ሎኬሽን የሚለውን አንብቢ። በሲ የሚጀምር ከሆነ ይጠፋል።

ዲ ላይ ቢሆኑም ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪያቸው። ዲ እኮ ሌላ ዕቃ አይደለም፣ የዚያው አንድ ሃርድ ዲስክ ክፋይ ነው። ከገለበጥሽ በኋላ ፍላሹን ነቅለሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺውና ጥቂት ፎቶዎች እዩ፣ ከእናትሽ ጋር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። የትኛው ፎቶ እንደጎደለ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው ሁሉ ይረሳል። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ካለሽ፣ ፎንቱንም አብረሽ ገልብጪ። ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ውስጥ፣ ፎንትስ የሚል ፎልደር አለ። አለዚያ ሰነዱ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል፣ ሰውም ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። ለአዲስ ጽሑፍ ግን ከዲስክ የሚጫን ነገር አያስፈልግሽም። ዊንዶውስ 10 የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ከላንጉጅ ሴቲንግ መጨመር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዲስኩ። ማሽኑ ወደ ድሮው ዊንዶውስ የሚገባው መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን እንዲያይ ስለታዘዘ ነው። ዲቪዲውን ከተሽ አጥፊው፣ አብሪውና የዴል ምልክት እንደታየ ኤፍ 12ን ደጋግመሽ ተጫኚ። (ለሌሎች አንባቢዎች፦ ኤችፒ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 9 ነው።) ከሚመጣው ዝርዝር ዲቪዲ የሚለውን ምረጪ። ከዚያ በጥቁር ስክሪን ላይ «ፕሬስ ኤኒ ኪ» የሚል አንድ መስመር ይመጣል። የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። ያኔ አንድ ቁልፍ ካልነካሽ አልፎሽ ወደ ድሮው ይገባል። ብዙ ሰው ዲስኩ ተበላሽቷል የሚለው እዚህ ጋ ነው። ፋይል ገልብጦ ራሱ ሪስታርት ሲያደርግ ግን ያው ጽሑፍ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ምንም አትንኪ፣ አለዚያ ከመጀመሪያው ይጀምርሻል።

ይህም ሆኖ ካልሄደ ዲቪዲውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው። ውስጡ መጠሪያው በአይኤስኦ የሚያልቅ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ከሆነ፣ የሰጠሽ ሰው ፋይሉን እንዲሁ ገልብጦታል፤ እንደ ዲስክ ኢሜጅ በርን መደረግ፣ ማለትም ይዘቱ ተዘርግቶ ዲስኩ ላይ መጻፍ ነበረበት። የአሮጌ ላፕቶፕ ዲቪዲ ማንበቢያም ይደክማል። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ነው፣ የቅርብ ጊዜዎቹ የዊንዶውስ ፋይሎች ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። ስለዚህ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብታዘጋጂው ይሻልሻል። ሩፈስ ፍላሹን ባዶ ያደርገዋል። የእናትሽ ፎቶ ያለበት ፍላሽ እንዳይሆን አደራ።

ከሁሉም የምፈራልሽ ገጽ ቀጥሎ ይመጣል። ከስተም የሚለውን ስትመርጪ የክፋዮቹ ዝርዝር ይወጣል። እዚያ ሲ እና ዲ የሚል ፊደል የለም። «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 1፣ 2፣ 3» ነው የሚለው። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት የሲንና የዲን መጠን ወረቀት ላይ ጻፊ፤ የምትለያቸው በመጠናቸው ነው። አንዳንዴ ዲስኩ ጂፒቲ ነው ወይም ኤምቢአር ነው (ሁለቱ የዲስክ አከፋፈል ዓይነቶች ናቸው)፣ መጫን አይቻልም ይልሻል። ሰው ተናዶ ሁሉንም ዲሊት የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው፣ ዲም አብሮ ይሄዳል። አንቺ ግን ውጪና በኤፍ 12 ተመልሰሽ ያንኑ ዲስክ ወይም ፍላሽ በሌላኛው ስሙ ምረጪው፤ ዩኢኤፍአይ በሚለው ገብተሽ ከነበረ በሌጋሲው፣ በሌጋሲው ከነበረ በዩኢኤፍአዩ። (ዩኢኤፍአይ አዲሱ፣ ሌጋሲ የድሮው የማሽን አነሳስ መንገድ ነው።) ብዙ ጊዜ በዚህ ይፈታል።

ጠዋት ጀምሪው። እኛ ሰፈር ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ መብራት ይዋዥቃል፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ አይታመንም። መሃል ላይ ቢጠፋ አትደንግጪ፣ እንደገና ከዲስኩ ትጀምሪያለሽ።

ሲያልቅ ዋይፋዩ ካልታየሽ ስልክሽን በኬብል ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሪ። በስልኩ ኢንተርኔት ድራይቨሩን፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ከዴል ድረ ገጽ ታወርጃለሽ። ዊንዶውሱን ያለ ቁልፍ አክቲቬት ያደርጋል ተብሎ በፍላሽ የሚዞረውን ፕሮግራም አትክፈቺ። አንቲቫይረስሽን አጥፊ የሚልሽ ፕሮግራም ለምን እንደሚያስጠፋሽ አስቢ። ማሽኑ መጀመሪያ ከዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ ከመጣው ጋር የተሸጠ ከሆነ የአክቲቬሽን ቁልፉ ማዘርቦርዱ ውስጥ ስላለ ራሱ ሊያነበው ይችላል፤ የዊንዶውስ 8 ቁልፍ ግን ዊንዶውስ 10ን አክቲቬት ላያደርግ ይችላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ስለሚጠይቅ ያንቺ ማሽን አያሟላም። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ሞክሪ። ነፃ ነው፣ ዲቪዲ ላይ ይገባል፣ ሳይጫን ከዲስኩ ተነስቶ ይሠራል። ዊንዶውሱ አልነሳ ላለ ማሽንም ፋይል የማወጣው በሱ ነው።

የክፋዮቹ ገጽ ላይ ስትደርሺ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው። የትኛው ሲ እንደሆነ አይቼ እስክነግርሽ ድረስ ምንም አትንኪ። ማሽኑ ይጠብቅሻል።