ከሽንፈት ማግስት ስላለው ሥራ

ውድ ልጆቼ፣

በሰሜን ቨርጂኒያ በሒሳብ ምርመራ ሙያ ረጅም ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ። ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች፣ እዚህ የተወለዱትም ሆኑ ከአዲስ አበባና ከጎንደር የመጡት፣ የሚያነሡልኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የሙያ ፈቃድ ፈተና ወደቅሁ፣ ከሥራ ተቀነስሁ፣ ያመለከትሁበት ትምህርት ክፍል አልተቀበለኝም፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? መልሴን የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በ2018/19 የውድድር ዘመን ከሠራው ሥራ ተነሥቼ ልጽፍላችሁ ወድጃለሁ። ብዙዎቻችሁ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምራችኋል ወይም ትማራላችሁ፤ ታሪኩን በከፊል ታውቁታላችሁ፤ እኔ የማነሣው ግን ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፈውን ክፍል ነው።

የኮሌጆች አገር አቀፍ ጥሎ ማለፍ ውድድር ተሳታፊዎቹን በአራት ምድብ ከፍሎ በየምድቡ ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ዙር አንደኛው ከአሥራ ስድስተኛው ጋር ይገናኛል። ይህ አሠራር በ1985 ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ግጥሚያ 135 ጊዜ ተደርጎ በወንዶች ውድድር አንደኛው ተሸንፎ አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2018 ሻርለት ከተማ ላይ ቨርጂኒያ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ቡድን 74 ለ 54 ተሸነፈ። ቨርጂኒያ ወደ ውድድሩ የገባው 31 ጊዜ አሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ የኮንፈረንሱንም (የሚወዳደርበትን የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ዋንጫ ይዞ፣ ከአገሩ ቡድኖች ሁሉ የመጀመሪያውን ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። በዕረፍት ሰዓት 21 እኩል ነበሩ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግን ለተጋጣሚ ቡድን ነጥብ በመንፈግ የታወቀው ያ ቡድን 53 ነጥብ ተቆጠረበት። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በማግስቱ የአገሩ መሳለቂያ ሆነ።

አሰልጣኙ ቶኒ ቤኔት ያን ምሽት ለጋዜጠኞች የሰጠው መልስ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ከዋነኞቹ ተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው ዲአንድሬ ሀንተር ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የእጁ አንጓ ተሰብሮ አልተጫወተም፤ ይህን ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ለማንም ቀላል ነበር። ቤኔት ግን ሙሉ በሙሉ መበለጣቸውን ተናገረ፣ ያሸነፏቸውንም አመሰገነ፣ ወደ ሜዳ የወጣ ሰው ታላቅ ድልም ታሪካዊ ሽንፈትም ሊገጥመው እንደሚችልና ሁለቱንም መሸከም እንዳለበት አስረዳ። እውነቱን በመጀመሪያው ሰዓት መናገር ለኋላ ሥራ ምን ያህል እንደሚያመቻች በሙያዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ኪሳራውን በመጀመሪያው ሩብ ዓመት በግልጽ የመዘገበ ድርጅት ሊድን ይችላል፣ የሸፋፈነው ግን ሁለት ጊዜ ይከስራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤኔት ከአባቱ ከዲክ ቤኔት የወረሰው፣ ፓክ ላይን የሚባል የመከላከል ስልት ነበረው፤ ኳስ የያዘውን ተጫዋች አንድ ሰው ሲጫነው የቀሩት አራቱ ወደ ቅርጫቱ ሰብሰብ ብለው መግቢያውን ይዘጋሉ። በማጥቃት በኩል ደግሞ ቡድኑ ሳይቸኩል፣ ኳሱን ረጅም ጊዜ ይዞ ይጫወት ነበር። በሻርለት የተሸነፈው ይህ ስልት ነው፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ይጣል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ውጤቱ ሲመረመር ግን ጉዳዩ ከዚህ የጠበበ ነበር። ባለድሎቹ ከሩቅ ከሞከሯቸው 24 ባለሦስት ነጥብ ኳሶች 12ቱን ሲያስገቡ፣ ቨርጂኒያ ከ22 ያስገባው 4 ብቻ ነበር፤ ዝግ ብሎ የሚጫወት ቡድን ደግሞ አንዴ በሰፊ ልዩነት ከተመራ የሚያገኛቸው ሙከራዎች ጥቂት ስለሆኑ ልዩነቱን ለማጥበብ ይቸገራል። ጉድለቱ የነበረው እንግዲህ መከላከሉ መሠረቱ የተበላሸ በመሆኑ ሳይሆን፣ ቡድኑ ሲጨንቀው ነጥብ የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው።

ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት መከላከሉን እንዳለ ጠብቀው የተለወጠው ማጥቃቱ ነበር። ኳስ ለያዘው ተጫዋች ባልደረባው በአካሉ ስክሪን እየሠራ መንገድ የሚከፍትበት አጨዋወት በሰፊው ተጨመረ። ሀንተር ከጉዳቱ ድኖ ከተጠባባቂነት ወደ ቋሚ ተሰላፊነት አደገ። ኪሄይ ክላርክ የተባለ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ75 ሳንቲሜትር የማይበልጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኳስ የማመላለሱን ሥራ ሲረከብ፣ ካይል ጋይና ታይ ጀሮም ለመወርወር ነጻ ሆኑ። ጋይ ስለ ጭንቀቱ በአደባባይ ጽፎ ነበር፤ ከሽንፈቱ ምሽት አንገቱን ደፍቶ የተነሣውንም ፎቶ በስልኩ ላይ አድርጎ ከርሟል። ሁሉም ሰው እንዲህ እንዲያደርግ አልመክርም፤ ለአንዳንዱ ቁስል መነካካት ይሆንበታል፤ ለእርሱ ግን ረድቶታል፣ ያንንም አከብራለሁ።

በመደበኛው ውድድር ለዱክ ሁለት ጊዜ፣ በኮንፈረንሱ ጥሎ ማለፍ ደግሞ ለፍሎሪዳ ስቴት አንድ ጊዜ ተሸነፉ፤ ከዚህ ሌላ ሽንፈት አልነበረባቸውም። ወደ አገር አቀፉ ውድድር ሲመለሱ በድጋሚ ከአሥራ ስድስተኛ ጋር ተመደቡ፤ ጋርድነር ዌብ በመጀመሪያው አጋማሽ እስከ 14 ነጥብ መራቸው። ያን ሰዓት በየልባቸው የነበረውን መገመት አያዳግትም። ተረጋግተው 71 ለ 56 አሸነፉ፤ ለእኔ የዚያ ዓመት ትልቁ ጨዋታ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳወራ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብዙ ዕድል ነበረበት። ከፐርዱ ጋር ሲጫወቱ ጀሮም የሳተውን የቅጣት ውርወራ ከጊኒ ኮናክሪ የመጣው ማማዲ ዲያኪቴ ወደ ኋላ መታው፤ ክላርክ ሮጦ ደርሶበት መልሶ ለዲያኪቴ አቀበለው፤ ዲያኪቴም በመጨረሻዋ ቅጽበት ወርውሮ 70 እኩል አደረገና በተጨማሪ ሰዓት 80 ለ 75 አለፉ። ከኦበርን ጋር ጀሮም ኳሱን ማንጠር አቁሞ ከያዘው በኋላ፣ ሕጉ ሳይፈቅድ፣ ዳግመኛ ማንጠሩን ዳኞቹ አላዩትም፤ ከዚያ 0.6 ሰከንድ ሲቀር በጋይ ላይ ጥፋት ተሠርቶ ሦስቱንም የቅጣት ውርወራዎች አስገባና 63 ለ 62 አሸነፉ። በኤፕሪል 8 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ላይም ሀንተር በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ባለሦስት ነጥብ አስገብቶ አቻ ካደረገ በኋላ ቴክሳስ ቴክን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 77 ረትተው ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን የቅርጫት ኳስ አገር አቀፍ ዋንጫ አመጡ።

ሽንፈቱ ዋንጫውን አስገኘ የሚለውን አተራረክ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ከነዚያ ኳሶች አንዷ ብትስት ዋንጫው አይኖርም ነበር፤ ከዓመት በፊት ጀምሮ የተሠራው ምርመራና ማስተካከያ ግን በቅንጣት አይቀንስም ነበር። እናንተም ፈተና ስትወድቁ ዝርዝር የውጤት መግለጫውን አስመጥታችሁ፣ በየትኛው ክፍል እንደወደቃችሁ ለይታችሁ፣ ያን ሙያ ከሚያውቅ ታላቃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ መርምሩት። አንድ ክፍል የወደቀ ሰው ሙያውን ጥሎ ሲሄድ፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይለውጥ በዚያው የአጠናን ዘዴ ደግሞ ሲቀመጥ አያለሁ፤ ሁለቱም ያልጠየቁት ጥያቄ የጎደለው የትኛው ነው የሚለው ነው። ወላጆቻችሁ ቢያዝኑም አትደብቋቸው፤ ብዙዎቹ በዚህ አገር ከባዶ የጀመሩ ናቸውና ከምትገምቱት በላይ ይረዷችኋል።

በ2023 ፐርዱ ራሱ እንደ ቨርጂኒያ አንደኛ ሆኖ ሳለ በአሥራ ስድስተኛው በፌርሊ ዲኪንሰን 63 ለ 58 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ማት ፔይንተርና ረጅሙ ተጫዋች ዛክ ኢዲ አብረው ተመለሱና በዓመቱ፣ ከ1969 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለፍጻሜ ደረሱ። በፍጻሜው ግን ኮኔቲከት 75 ለ 60 አሸነፋቸው። ስለ እነርሱ እንደ ቨርጂኒያ ብዙ አይወራም፤ እኔ ግን በሒሳብ መርማሪ ዓይን ሳየው የሁለቱን ቡድኖች ሥራ እኩል አድርጌ ነው የምመዝነው።