የቴስተሩ ቁጥርና የኢንቨርተሩ እውነተኛ ቮልቴጅ

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ እንዲያግዘኝ ብዬ 12 ቮልትን ወደ 220 ቮልት የሚቀይር፣ «500 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ የኢንቨርተር ቦርድ ገዛሁ። ከአንዲት ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ጋር አገናኝቼ በቴስተር ስለካው ያሳየኝ 172 ቮልት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ባለ 60 ዋት የክር አምፖል ስሰካበት ከቤቱ መብራት ባልተናነሰ ድምቀት በራ፤ ኤልኢዲ አምፖል ስሰካበት ግን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ተቃጠለ። ሻጩ ጥፋቱ የቴስተሩ ነው ይለኛል። የተበላሸው የትኛው ነው? 500 ዋት መስጠቱንስ በምን ላረጋግጥ?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የያዘው የክሩ አምፖል ነው። የዚህ ዓይነቱ አምፖል ድምቀት የሚወሰነው ክሩ ውስጥ በሚፈጠረው ሙቀት ስለሆነ፣ የሞገዱ ቅርጽ ምንም ይሁን ምን የደረሰውን ኃይል በታማኝነት ያሳያል፤ በእርግጥ 172 ቮልት ብቻ ደርሶት ቢሆን ኖሮ ደብዝዞና ቀላ ብሎ ያዩት ነበር። ስለዚህ ቦርዱም ሆነ ቴስተሩ ሳይበላሹ ይህ ቁጥር ሊመጣ የሚችልበት መንገድ አለ።

ከግድግዳው ሶኬት የምናገኘው 220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ለስላሳ የሳይን ሞገድ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ 311 ቮልት ያህል ይደርሳል። ርካሽ ኢንቨርተሮች ይህን ቅርጽ አይሠሩም። ብዙዎቹ ለ5 ሚሊሴኮንድ ያህል 311 ቮልት ሰጥተው ለ5 ሚሊሴኮንድ ዜሮ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያም በተቃራኒው አቅጣጫ ያንኑ ይደግማሉ። የዚህ ባለ ደረጃ ሞገድ የማሞቅ አቅም፣ ማለትም የአርኤምኤስ ዋጋው፣ 220 ቮልት ነው። ርካሽ ቴስተር ግን አርኤምኤስን አይለካም፤ አማካዩን ይወስድና ሞገዱ ሳይን እንደሆነ በመገመት በ1.11 ያባዛዋል። የባለ ደረጃው ሞገድ አማካይ 155.5 ቮልት ስለሆነ ውጤቱ 172 ወይም 173 ይሆናል፤ እርስዎ ያነበቡትም ይህንኑ ነው። ዜሮ ላይ የማያርፍ ሙሉ የካሬ ሞገድ ቢሆን ደግሞ ስህተቱ ተገልብጦ 220 ቮልቱ 244 ሆኖ በታየ ነበር። ሻጩ በዚህ በኩል ግማሽ እውነት አለው፤ ቴስተርዎ አልተበላሸም፣ ለዚህ ሞገድ ግን አልተሠራም። «ትሩ አርኤምኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቴስተር ከሚያውቁት ሰው ተውሰው ቢለኩ ነገሩ ይለይልዎታል።

የኤልኢዲው መቃጠል ግን ሌላ ጥርጣሬ ያስነሣል። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ቮልቴጁን የሚቀንሱት በአንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በሚለቅ ክፍል) ነው፤ ካፓሲተር ደግሞ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ሞገዱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት (በሄርዝ የሚለካው)፣ በጨመረ ቁጥር ብዙ ከረንት ያሳልፋል። የባለ ደረጃው ሞገድ ድንገተኛ ዝላይ ብቻውን ሊጎዳቸው ይችላል፤ የባሰው ግን አንዳንድ ቦርዶች 50 ሄርዝ ጭራሽ አለማውጣታቸው ነው። በእነዚህ ላይ የትንሹ ትራንስፎርመር ውጤት በ20 ሺህ ሄርዝ አካባቢ እየተንቀጠቀጠ በቀጥታ ወደ መውጫው ይሄዳል። የክር አምፖል ይህን አይለይም፤ ፋን፣ የብረት እምብርት ያለው ትራንስፎርመርና አብዛኛው ቻርጀር ግን አይችሉትም፤ የተራ ቴስተርም ንባብ እንዲህ ባለ ፍሪኩዌንሲ አይታመንም። ስለዚህ ባትሪውን ይንቀሉና ቦርዱን አተኩረው ይመልከቱት። 400 ወይም 450 ቮልት የተጻፈበት ትልቅ ካፓሲተርና ከእሱ ቀጥሎ አራት ትራንዚስተሮች ካሉ፣ ወደ 50 ሄርዝ የሚቀይር ሁለተኛ ክፍል እንዳለው መገመት ይቻላል። ያለው አንድ ትንሽ ትራንስፎርመርና ሁለት ትራንዚስተር ብቻ ከሆነ ከክር አምፖልና ከመሰሎቹ በቀር ምንም አይሰኩበት። ቴስተርዎ ሄርዝ የሚለካ ከሆነ በእሱም ያረጋግጡ።

ወደ 500 ዋቱ ስንመጣ፣ በያዙት ባትሪ ይህን ፈተና ማካሄድ አይቻልም። ከመቶ 85 እጁን የሚያስተላልፍ ጥሩ ቦርድ እንኳ 500 ዋት ለማውጣት ከ12 ቮልት ባትሪ 49 አምፔር ያህል ይስባል፤ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህን ሲጠየቅ ቮልቴጁ ወዲያው ይወርድና ቦርዱ ያለ ጥፋቱ ደካማ ይመስልዎታል። በደንብ የተሞላ የመኪና ባትሪ ይጠቀሙ፤ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያስገቡ። ገመዱንም አይናቁት፦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ አንድ አንድ ሜትር ቢሆን፣ በ40 አምፔር ከግማሽ ቮልት በላይ ይበላል፤ ከ20 ዋት በላይ የሚሆን ኃይልም ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በፈተናው ጊዜ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚለኩት ከባትሪው ራስ ላይ ሳይሆን ከቦርዱ መግቢያ ላይ ይሁን።

ከዚያ የክር አምፖሎችን አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ክር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሰኩ። በ60፣ በ160፣ በ260 ዋት ላይ እየቆሙ የመውጫውንና የመግቢያውን ቮልቴጅ በወረቀት ይመዝግቡ። የመግቢያው ቮልቴጅ ከ11 በላይ እያለ አምፖሎቹ ከደበዘዙ ቦርዱ አቅሙን ጨርሷል ማለት ነው። በርካሽ ቦርዶች ላይ የሚጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚቻለው ስለሆነ፣ ለግማሽ ሰዓት ሳይደበዝዝና ከልክ በላይ ሳይሞቅ የተሸከመውን ጭነት እውነተኛ አቅሙ አድርገው ይያዙት። እኔ ብሆን ከተጻፈው ግማሹን ከተሸከመ አልመልሰውም።

ሙቀቱን ለማወቅ ግን ቦርዱ እየሠራ ማቀዝቀዣ ብረቱን በእጅዎ አይንኩ፤ በብዙ ርካሽ ቦርዶች ብረቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዞ ይገኛል። ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ በቴስተርዎ የዲሲ መለኪያ ወደ ዜሮ መውረዱን ሳያዩ እጅዎን አያስገቡ። የኢንቨርተሩን መውጫ በቤቱ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር ማስገባትም ፈጽሞ አይገባም፤ መብራቱ ሲመለስ ቦርዱን ያቃጥለዋል፣ ከመመለሱ በፊት ደግሞ መስመሩ ሞቷል ብሎ የሚሠራውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።