መጀመሪያ ሐዘኑን ስሙ

እህቴ፣ በወረርሽኙ ብዙ ሰው ያጣውን፣ ድሮም የተገፋውን ማኅበረሰብ ማኅበራችሁ ከጤና ተቋም ጋር ሆኖ እንዴት እንደሚያግዝ ጠይቀሻል። እኔ የምለው፣ በበራሪ ወረቀት አትጀምሩ። በኮቪድ ጊዜ ብዙዎች የሚወዱትን ሰው ሳይሰናበቱ፣ ወዳጅ ዘመድ ሳይሰበሰብ ነው የቀበሩት፤ ያ ሐዘን አልወጣም፣ ውስጥ ቀርቷል። አብሮ የማስታወሻ ቀን ማዘጋጀት ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ።

የምዕራብ አፍሪካን ኢቦላ አስቢ። ቀብር ላይ ሰው ይያዝ ስለነበር አስከሬን ለባለሙያ ብቻ ይሰጥ ሲባል፣ አንዳንድ ቤተሰብ አስከሬን መደበቅ ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተመካክሮ፣ ጸሎትንና የቤተሰብን ተሳትፎ ያካተተ የቀብር መመሪያ አወጣ። ሰው ክብሩ ሲጠበቅለት ይተባበራል።

ዚምባብዌም ውስጥ የሠለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የድብርት ምልክት መቀነሱን አሳይቷል። አያቶቹ ሰፈሩን ያውቁታል፣ ሰፈሩም ያምናቸዋል። ይሄን እምነት ከውጭ የመጣ ባለሙያ በአንድ ወር አያገኘውም።

ስለ ገንዘብም በግልጽ ተነጋገሩ። ተቋሙ በጀቱን ይዞ የሰፈሩን ሰው በነፃ ካሠራ ሽርክና አይባልም፤ የሚያዳምጡትም እኮ ሐዘንተኞች ናቸው፣ ክፍያም እረፍትም ይገባቸዋል። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ብቻችሁን አትያዙት፤ በዚያው ቀን የሚቀበለው ባለሙያ ማን እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ።