ላሞቹን ከመሸጣችሁ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ ሲያስላቸው ሽንት ያመልጣቸዋል። አንድ ደላላ ውጭ አገር ሄደው በስቴም ሴል፣ ማለትም እየተባዛ የተጎዳ አካልን ይጠግናል በሚባል የሰውነት ሴል፣ ይድናሉ ብሏችኋል። እናንተም ላሞቹን ልትሸጡ ነው። እባካችሁ አትሽጡ።

እኔም ያው ነበርኩ። ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሳስል፣ ስስቅ፣ ጀሪካን ሳነሳ ያመልጠኝ ጀመር። ዘጌ በጀልባ ስንሄድ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀምስም። ቀሚሴ እንዳይታይ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ነው የምቆመው። ለባለቤቴ የነገርኩት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ የተሳቀቀ ሰው «ከራስሽ ገላ ተወስዶ ይሠራልሻል» ሲሉት ያምናል። ለምዝገባ ተብዬ 40,000 ብር ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፣ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ስቴም ሴል ራሱ ውሸት አይደለም። ገና ጥናት ላይ ያለ ነገር ነው። ከጭን ጡንቻ ትንሽ ቅንጣት ይወሰዳል፣ ሴሎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ይባዛሉ፣ ከዚያ ሽንትን ወደሚዘጋው ጡንቻ በመርፌ ይገባሉ። በፈረንጆች 2008 የታተመ ሙከራ 8 ሴቶች ነበሩበት። 5ቱ ተሻላቸው፣ ጨርሶ ያቆመላት ግን አንዷን ብቻ ነው። በ2018 የወጣው ደግሞ ሰፋ ያለ ነው፤ 150 ሴቶች ነበሩበት። ለአብዛኞቹ ሴሉ፣ ለቀሩት ሴል የሌለበት ፈሳሽ ተወጋ። ማን የቱን እንደተወጋች ራሷም አታውቅም። ታዲያ ባዶውን ከተወጉት መሀል ተሻለን ያሉት ከተጠበቀው በላይ በዙ። ሴሉ ከባዶው በልጦ አልተገኘም፣ ምዝገባውም ሳይሞላ ቆመ።

ይህችን ነገር ደጋግመሽ አስቢያት። ደላላው ስልኩ ላይ የሚያሳይሽ «ዳንኩ» የምትል ሴት ላትዋሽ ትችላለች። ባዶ ፈሳሽ ቢወጓትም ያንኑ ልትል ትችል ነበር።

ኦስትሪያ ውስጥ ኢንስብሩክ በዚሁ የጡንቻ ሴል ሕክምና ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ደግሞ በ2007 ላንሴት በተባለው ትልቅ የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ብዙ ተወራለት። በዓመቱ መጽሔቱ ራሱ ሰረዘው። የሽንት ፊኛውን እንዳለ ከሕመምተኛው ሴሎች የመሥራት ሙከራም አለ። በ2006 በ7 ልጆችና ወጣቶች ላይ መሞከሩ ሲታተም ዓለም ተደነቀ። በ2014 በ10 ልጆች ላይ የተደረገው ክትትል ግን ፊኛቸው እንዳልተሻሻለ፣ ይልቁንም ከባድ ችግር የገጠማቸው እንዳሉ አሳየ። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ለፊኛ ችግር የፈቀደው የስቴም ሴል ሕክምና የለም።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ። ሽንቱ መቼ ነው የሚያመልጣቸው? ሲያስሉና ዕቃ ሲያነሱ ከሆነ የጡንቻ መላላት ሊሆን ይችላል። ድንገት አጣድፏቸው በር ሳይደርሱ ከሆነ ሌላ ነው፣ ለሱ መድኃኒት አለው። ሳልም ሳቅም ሳይጠብቅ ቀን ከሌሊት የሚንጠባጠብ ከሆነና ምጥ ጠንቶባቸው ከወለዱ ወዲህ ከመጣ ግን ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። እሱ ከፊኛ ወደ ብልት የተከፈተ ቀዳዳ ነው፣ የሚጠገነውም በቀዶ ሕክምና ነው። እዚሁ ባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በፈረንጆች ከ2005 ጀምሮ በነፃ ያክማል። ጎረቤት «የጣና ቢልሃርዚያ ነው» ካላችሁም አትስሙ። ጣና ላይ ያለው አንጀትን እንጂ ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት አይደለም።

እኔን የረዳኝ የዳሌ ወለል ጡንቻ፣ ማለትም ፊኛን ከታች የሚደግፈው ጡንቻ፣ እንቅስቃሴ ነው። ፈስ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ላይ ትስቢያለሽ። ሆድና ጭን አይጨመቅም፣ ትንፋሽ አይያዝም። አምስት ሰከንድ ይዘሽ ትለቂያለሽ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። እኔ ጀበናው እሳት ላይ እስኪፈላ ነበር የምሠራው፣ ማንም አያይ። የመጀመሪያው ወር ምንም ለውጥ የለውም፣ ተስፋ ሊያስቆርጥ ይችላል። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ሳስል ምንም አልወጣም። ቆሜ አለቀስኩ። አሁንም ኃይለኛ ጉንፋን ሲይዘኝ ትንሽ ያመልጠኛል፣ ጀልባ ላይ ግን ውኃ እጠጣለሁ። በዚህ ያልተሻላት ደግሞ ቀዶ ሕክምና አላት።

ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ቀን መዝግቡ። ቁጥር ያለው ጆግ ግዢ፣ እናትሽ እሱ ላይ ይሽኑ፣ አንቺ ሰዓቱንና መጠኑን ጻፊ። የጠጡትንም፣ ያመለጣቸውንም፣ ያኔ ምን እየሠሩ እንደነበርም ጻፊ። የኔን ደብተር ዶክተሯ ከምርመራው በፊት ነው ያነበበችው። ከመርዓዊ ስትመጡ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እናትሽ ለወንድ ሐኪም መናገር ካፈሩ ሴት ሐኪም አብረን እንጠይቃለን።