የምድር ሆድ ውኃ ሁሉ አንድ ነው?

ጥያቄ፦ በመሬት ውስጥ ስለሚቆፈር የድንጋይ ከሰል ማዕድን የተጻፈ ጥናት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ርእሱን «የከርሰ ምድር ውኃና የመኝታ አለት ሁኔታ ግምገማ» ብዬዋለሁ። ጓደኛዬ አንብቦ «ምንም አልገባኝም» አለኝ። «የውኃ ጠረጴዛ» የሚለውም ለራሴ ግራ ገብቶኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቱን ነው። ከቀላሉ ልጀምር። ጠረጴዛውን ያውጡት። እንግሊዝኛው ከመሬት በታች ያለውን ውኃ የላይኛ ወለል እንደ ጠፍጣፋ ነገር አስቦ ነው፤ ለእኛ ግን የሚታየን ባለ አራት እግር ዕቃ ነው። «የውኃ ልክ» እንዳይሉ ደግሞ ግንበኛ ቀድሞ ወስዶታል፤ ግድግዳ መቅናቱን የሚያይበት መሣሪያ ስም ነው። እኔ «የከርሰ ምድር ውኃ ከፍታ» እላለሁ። ጽሑፉ ለአካባቢው ሰው ከሆነም «ውኃው በስንት ሜትር ይገኛል?» ማለት ይበቃል።

«የመኝታ አለት»ም ያው ነው፤ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ስለተመለሰ አልጋ ነው የሚያስታውሰን። ድንጋይ ይነሣል፣ ይወረወራል። ቋጥኝም ትልቅ ቢሆን ይንከባለላል። አለት ግን ከመሬቱ ጋር አንድ ነው፤ ልባሙ ሰው ቤቱን የሠራው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ «ከአፈሩ ሥር ያለው አለት» ይበሉ። ሲደጋገም «የሥር አለት» ብለው ያሳጥሩት። «የድንጋይ ከሰል»ን ግን አያሳጥሩ። «ከሰል» ብቻ ካሉ አንባቢው ከእንጨት የሚከስለውን፣ ጀበና የሚጣድበትን ነው የሚያስበው።

«ግምገማ» ሲባል ደግሞ ስብሰባና የሥራ ውጤት ትዝ ይላል። ውኃና አለት ይጠናሉ፣ ይለካሉ፣ ይፈተሻሉ። «ጥናት» ይበቃዎታል። «ሁኔታ»ንም ቢያወጡት ርእሱ ምንም አይጎድልበትም።

ዋናው ነገር ግን እርስዎ ያልጠየቁት ነው። «ከርስ» ሆድ ነው፤ ሆዳሙን «ከርሳም» የምንለው ለዚህ ነው። ከርሰ ምድር የምድር ሆድ ከሆነ፣ ከመሬት በታች ያለ ውኃ ሁሉ የከርሰ ምድር ውኃ ይመስላል። እዚህ ላይ እባክዎ ይጠንቀቁ። የዝናብ ውኃ በአፈሩ ይሰርጋል፣ በአለቱ ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል። ቆፋሪው ሲደርስበት አለቱ ያዣል፣ ይንጠባጠባል፣ አንዳንዴም ይፈሳል። ብዙውን ጊዜ በፓምፕ እየተሳበ ይወጣል። ሥራ ያቆመ አሮጌ የማዕድን ማውጫ ግን ሌላ ነው። ፓምፑ ሲቆም ባዶው ዋሻ ቀስ በቀስ ይሞላል። ይህ የታቆረ ውኃ ነው፤ መሬት ውስጥ የተቀመጠ ኩሬ በሉት። በአሮጌውና አሁን በሚቆፈረው ማዕድን መካከል ያለው ግድግዳ ከተበሳ አይንጠባጠብም። ጥሶ ይገባል።

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ኩዊክሪክ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሆነው ይኸው ነበር። ሐምሌ 17 ቀን 1994 ዓ.ም. ማታ ሠራተኞቹ ሳያውቁ ሳክስማን የተባለውን የተተወ ማዕድን በሱት። በእጃቸው የነበረው ካርታ አሮጌውን ማዕድን ከእውነተኛው ቦታ አርቆ ያሳይ ነበር። ውኃው ገባ። 9 ሰዎች አመለጡ፤ ሌሎች 9 ሰዎች ከ70 ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ ተዘጋባቸው። ከላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ አየር ተላከላቸው፤ ውኃውም በፓምፕ እየተሳበ ወጣ። ከ77 ሰዓት በላይ ቆይተው ዘጠኙም በሕይወት ወጡ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ቃል ስንት ነፍስ እንደሚሸከም ይታየኛል።

እንዲህ ያለውን አደጋ «የከርሰ ምድር ውኃ አደጋ» ብለው ቢተረጉሙት አንባቢው ከአለት ስንጥቅ የወጣ ውኃ ይመስለዋል። ጥፋቱ ከአለቱ ሳይሆን ከካርታው ጋር የተያያዘ መሆኑ ይጠፋል። «በአሮጌ ማዕድን የታቆረ ውኃ» ካሉ ግን ማንም «ያ አሮጌ ማዕድን የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ ርእስዎን «በማዕድኑ ዙሪያ የከርሰ ምድር ውኃና የአለቱ ጥናት» ያድርጉት። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ይመለሱና ውኃ በተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ የቱ ውኃ እንደሆነ ይለዩ። ዋናው ጽሑፍ ራሱ ካልለየው ጸሐፊውን ይጠይቁ፤ በግምት አይሙሉት።