ልጄ የገዛው የቤዝቦል ካርድ ዋጋው ወደቀ፤ ገንዘቡን ማስመለስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ17 ዓመቱ ልጄ በሰመር ሥራ ካጠራቀመው ገንዘብ 1,800 ዶላር አውጥቶ የአንድ ወጣት ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ፊርማ ያለበት ካርድ ከምናውቀው ሰው ገዛ። ሰውየው “በ2 ዓመት ውስጥ ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ይገባል፣ ካርዱ 10 ሺህ ያወጣል” ብሎት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቹ የክርን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አሁን 300 የሚሰጠንም አጣን። መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ በቀጥታ ልንገርዎ። “10 ሺህ ያወጣል ብሎን ነበር” የሚለውን ብቻ ይዘው ከሄዱ ይሸነፋሉ። የአሜሪካ የንግድ ሕግ ሻጭ ስለ ዕቃው ዋጋ የሰጠውን አስተያየት ወይም ሙገሳ እንደ ዋስትና አይቆጥረውም። ስለ ወጣት ተጫዋች የወደፊት ዕድል ደግሞ ክለቦቹ ራሳቸው ይሳሳታሉ። በ1991 የኒው ዮርክ ቡድን ያንኪስ ብራየን ቴይለርን በድራፍቱ፣ ማለትም ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ አንደኛ አድርገው መርጠው 1.55 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉት፤ በ1993 መጨረሻ በጠብ ትከሻው ተጎዳና አንድም የሜጀር ሊግ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። በ2009 ደግሞ በኋላ ትልቅ ኮከብ የሆነው ማይክ ትራውት የተመረጠው 25ኛ ሆኖ ነው፣ የዚያ ዓመት ፊርማ ያለበት አንድ ካርዱ በ2020 በ3.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዳኛው ይህን ሁሉ ባያውቅም ትንበያ ትንበያ መሆኑን ያውቃል።

ሕጉ የሚጠብቅዎት በሽያጩ ቀን እውነት ወይም ውሸት በነበረ ነገር ነው። ፊርማው የተጫዋቹ ነው? ግሬዱ (ለካርዱ ይዞታ የተሰጠው ደረጃ) ትክክል ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅዎ ስለ ተጫዋቹ ጤና ጠይቆት ነበር? ሰውየው ጉዳቱን እያወቀ “ምንም የለበትም” ብሎ ከመለሰ ያ አስተያየት አይደለም፣ ውሸት ነው። ስለዚህ የተጻጻፉትን ሁሉ ስክሪንሹት ያድርጉ፣ ክለቡ ተጫዋቹን በጉዳት ዝርዝር ያስገባበትን ቀንም ከሽያጩ ቀን ጋር ያስተያዩ። ዜናው ያኔ በይፋ ወጥቶ ከነበረ ሰውየው “አይታችሁ ነው የገዛችሁት” ብሎ መከራከሩ አይቀርም፣ እዚህ ላይ እንዳይዘናጉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ የእርስዎ ትልቁ ካርታ የልጅዎ ዕድሜ ነው። በሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የገባውን ውል፣ በተለይ ለኑሮ ግድ ላልሆነ ዕቃ ከሆነ፣ ማፍረስ ይችላል። ሻጩ ዋሸ አልዋሸ ለውጥ የለውም። ካርዱን ይመልሳል፣ ገንዘቡን ይጠይቃል። ግን ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ ክፍያው የወጣው ከማን ነው? ከእርስዎ ዜል (የባንክ ገንዘብ መላኪያ) ተልኮ ከሆነና ከሰውየው ጋር የተደራደሩትም እርስዎ ከነበሩ ገዢው እርስዎ ነዎት ይባላል፣ መብቱም ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ልጁ 18 ከሞላው በኋላ ዝም ብሎ ከቆየ ውሉን እንዳጸደቀ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ካርዱን በ300ም ሆነ በ500 እንዳትሸጡት! ከተሸጠ የሚመለስ ነገር የለም፣ ክርክራችሁም ይዳከማል።

የምታውቁት ሰው ስለሆነ መጀመሪያ በሽማግሌ ቢያዝ ደስ ይለኛል፣ እዚህ አገር በጥቂት ሺህ ዶላር የተቀያየሙ ቤተሰቦችን አይቼ አዝኛለሁ። ግን ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ልጁ 18 እንዳያልፈው። አጭር ደብዳቤ አሁኑኑ ይጻፉ፦ ልጁ ለአካለ መጠን አልደረሰም፣ ውሉን አፍርሷል፣ ካርዱን ለመመለስ ዝግጁ ነው፣ ገንዘቡ በ2 ሳምንት ውስጥ ይመለስ። ቀን ይጻፉበት፣ ልጁም ይፈርምበት፣ ቅጂ ያስቀሩ። እምቢ ካለ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ክርክር በዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ አነስተኛ ገንዘብ ችሎት ያለ ጠበቃ ይታያል፤ እርስዎ እንደ ወላጅ በልጁ ስም ያቀርባሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጉ አስቀድመው ያመልክቱ፣ አይከፈልበትም።

የልጅዎ ልደት መቼ እንደሆነ አልጻፉልኝም። ቀርቦ ከሆነ ደብዳቤው ነገ አይባልም፣ ዛሬ ይላክ።